ከማመልከቻው በፊት አድራሻሽን ደብቂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባልሽ የአሜሪካ ዜጋ ነው። የመኖሪያ ወረቀትሽን ያስገባው እሱ ነው። «ፖሊስ ከጠራሽ አሰርዤ ወደ አገርሽ አስመልስሻለሁ» ይልሻል። ጓደኛሽ ቤት ብትገቢም የሥራ ቦታሽ በር ላይ እየመጣ ይቆማል። መንግሥት የሚያደርግልኝ ነገር አለ ወይ ብለሻል። አለ። እኔ በዚያው መንገድ አልፌ ግሪን ካርዴን ይዣለሁ፤ ዛሬ በራሴ ስም በተከራየሁት ቤት ነው የምኖረው። አንቺም እንደኔ ሜሪላንድ ነሽ ብዬ ልጻፍልሽ።

1. ማስፈራሪያውን አትፍሪው። እሱ ያስገባውን ማመልከቻ ማንሳት ይችላል፤ አንቺ በራስሽ የምታስገቢውን ግን አይነካውም። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የፌዴራል ሕግ አለ፤ በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን የሚመለከት፣ ሁላችንም «ቫዋ» የምንለው። የዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ሚስት ወይም ባል፣ ጥቃት ከደረሰባቸው፣ ያለ እሱ ፊርማ ማመልከት ይችላሉ። ፎርሙ አይ-360 ይባላል፤ ክፍያ የለውም። የፖሊስ ሪፖርት ካለሽ ጥሩ ነው፣ ግዴታ ግን አይደለም። ዱላ ብቻም አይደለም የሚታየው። ማስፈራራቱ፣ ገንዘብሽን መያዙ፣ ከሰው መለየቱ ሁሉ ይቆጠራል። ትዳሩ የእውነት እንደነበረና አብራችሁ እንደኖራችሁ የሚያሳይ ነገር ሰብስቢ፤ የቤት ኪራይ ውል፣ የባንክ ወረቀት፣ ፎቶ። ኢሚግሬሽን ማመልከትሽን ለእሱ እንዳይነግር በሕግ ተከልክሏል። እሱ ደውሎ ስላወራብሽ ብቻም ሊከለክሉሽ አይችሉም።

2. አድራሻ። እዚህ ላይ ነው እኔን ያቃጠሉኝ። ፎርም የሚሞላ አንድ ያገራችን ሰው ነበር፤ ጠበቃ አይደለም፣ ግን ሁሉም እሱ ጋ ነው የሚሄደው። ፎርሙ ላይ ደብዳቤ በሰላም የሚደርስሽ ሌላ አድራሻ የሚጻፍበት ቦታ አለ። የእህቴን ልጅ አድራሻ ሰጥቼው ነበር። እሱ ግን የባሌን ቤት ጻፈበት። ኢሚግሬሽን ምስጢሬን ጠብቆ የላከውን ደብዳቤ ባሌ ከፖስታ ሳጥኑ አውጥቶ ከፈተው። ፎቶ አንስቶ አዲስ አበባ ለወንድሜ ላከለት። «እህትህ በውሸት ልታሳስረኝ ነው» ብሎ። ከዚያ ስልኩ፣ ልመናው፣ ሽማግሌው ተከታተለ። ሰውየውን ሄጄ ብጠይቀው ምን አለኝ መሰለሽ? «ባልሽ እኮ ነው፤ ከባል ምን ይደበቃል?» ገንዘቤንም አልመለሰም። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል። ነገሩን ያስተካከለችልኝ በነፃ የምትሠራ የሕግ ድጋፍ ጠበቃ ናት። እንደዚህ ዓይነት ጠበቃ እያለ ለማንም ፎርም ሞይ አትክፈዪ።

ሜሪላንድ ውስጥ «ሴፍ አት ሆም» የሚባል የስቴቱ ፕሮግራም አለ፤ በነፃ ነው። ለቤት ውስጥ ጥቃትም፣ እየተከታተለ ለሚያስጨንቅሽም ይሆናል። ምትክ አድራሻ ይሰጡሻል፣ ፖስታሽ እነሱ ጋ ደርሶ ወዳንቺ ይላካል። ሽማግሌ ቢመጣብሽም የምትኖሪበትን አትንገሪ። እነሱ በክፋት አይደለም፤ ለማስታረቅ ብለው ይነግሩታል።

3. ፕሮቴክቲቭ ኦርደር፣ ማለትም እንዳይደርስብሽ የሚያዝ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ አውጪ፤ ለማመልከት ገንዘብ አይከፈልም። ፍርድ ቤት ዝግ ከሆነ በሌሊትም ኮሚሽነር የሚባል የፍርድ ቤት ሹም አለ፤ እሱ የሚሰጥሽ ጊዜያዊ ትእዛዝ ፍርድ ቤቱ እስኪከፈት ያቆይሻል። የመጨረሻው ትእዛዝ በተለምዶ እስከ አንድ ዓመት ነው። የሥራ ቦታሽ እንዳይደርስ፣ መሣሪያ ካለው እንዲያስረክብ ይታዘዛል። ከጣሰው ይታሰራል። ማመልከቻው ላይ አድራሻሽ ቢታወቅ አደጋ እንዳለው ከገለጽሽ፣ አድራሻሽ ከወረቀቱ ይወጣል። ይህን ካላነሳሽ ማንም አያነሳልሽም። አስተርጓሚም በነፃ ነው፣ ቀድመሽ ጠይቂ። እኔ ቤት ፖሊስ የመጣ ጊዜ ያስተረጎመው ማን ነው? ባሌ! እኔ እያለቀስኩ አወራለሁ፣ እሱ «አእምሮዋን ያማታል» ይላቸዋል። እንግሊዝኛዬ ለመናገር ባይበቃም ያንን ቃል ሰምቻለሁ። ጽፈው ሄዱ። ስለዚህ አንድ ነገር በቃልሽ ያዢ፤ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ»። በስልክ ያገናኙሻል። እሱ እንዲያስተረጉም አትፍቀጂ።

በር ላይ መቆሙን በተመለከተ፣ የመጣበትን ቀንና ሰዓት ጻፊ፤ ከተቻለ የሥራ ጓደኛሽ ፎቶ ታንሳ። ዳኛዋ ፊት የጠቀመኝ ያ ደብተር ነው። ስልክሽስ? እሱ የሚከፍለው የቤተሰብ መስመር ላይ ከሆንሽ፣ የት እንዳለሽ የሚያውቀው በዚያ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የወጣ ሕግ አለ፤ ማስረጃ ካቀረብሽ የስልክ ኩባንያው በ2 የሥራ ቀን ውስጥ መስመርሽን ለይቶ እንዲያወጣልሽ ያስገድዳል። መደብሩ ውስጥ ያለው ልጅ «የአካውንቱ ባለቤት ካልመጣ አይሆንም» ብሎ አባሮኝ ነበር። ሕጉን የምታውቅ ሶሻል ወርከር ይዤ ስመለስ ሆነ። ግን መስመሩን ከመለየትሽ በፊት ለረዳቶችሽ ንገሪ፤ እንደለየሽ እሱ ያውቃልና ያን ቀን ብቻሽን አትሁኚ።

ሞንጎመሪ ካውንቲ ከሆንሽ ሮክቪል ያለው የፋሚሊ ጀስቲስ ሴንተር ሂጂ። ፖሊሱም፣ የሕግ ረዳቱም፣ ሶሻል ወርከሩም አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው፤ እኔ መጀመሪያ ያመነኝ ሰው ያገኘሁት እዚያ ነው። ሌላ ካውንቲ ከሆንሽ ብሔራዊውን መስመር 1-800-799-7233 ደውዪ፤ በአስተርጓሚ ያወሩሻል። አሁን አደጋ ካለ 911።

ፍርድ ቤት የምትሄጂበትን ቀን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ አብሬሽ እገባለሁ። ግን እሱ ከሚከፍለው ስልክ አትጻፊልኝ፤ ከሥራ ቦታሽ ወይም ከቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ይሁን።