ባሕረ ሐሳብን በቃሉ ለሚያሰላው የመሐል ሜዳ ተማሪ

ውድ ተማሪ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ከቄስ አያትህ በተማርኸው ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ የየትኛውንም ዓመት ዘመን መለወጫና የአጽዋማት መግቢያ ያለ ወረቀት እንደምትናገር፣ ልዩ ችሎታ ያላቸው ልጆች የሚቀርቡበት የቴሌቪዥን ዝግጅት እንደጋበዘህ፣ አባትህም «ትምህርቱ ይደርሳል፤ ዕድሉ አያምልጥህ» እንዳሉህ ገልጸህ፣ 11ኛ ክፍልን አቋርጠህ ይህን መተዳደሪያህ ብታደርገው እንዴት እንደሚሆን ጠይቀኸኛል።

ብትቀርብ ደስ ይለኛል፤ ማቋረጡን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ተመልካቹን ከስሌቱ ይበልጥ የሚያስደንቀው ዕድሜህ ነውና፣ ዛሬ በ17 ዓመትህ የሚያስጨበጭብልህን ነገር በ25 ዓመትህ ብታቀርበው «ይህንማ የአብነት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል» ይሉሃል። ከዕድሜህ ጋር የሚያድገው የስሌቱን ምክንያት ማወቅህ ነው። ለ2018 ዓ.ም. ከክርስቶስ ልደት በፊት አለፈ የሚባለውን 5500 ዘመን ደምረህ 7518 ታገኛለህ፤ ለ4 ስታካፍለው የሚደርሰውን 1879 ጨምረህ፣ ድምሩን 9397 በ7 ስትገድፈው፣ ማለትም ለ7 አካፍለህ ቀሪውን ስትይዝ፣ 3 ይተርፋል፤ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ ተብሎ ስለሚቆጠር ዘመን መለወጫው ሐሙስ ይሆናል። ለምን? 365 በ7 ሲገደፍ 1 ስለሚተርፍ ዘመን መለወጫ በየዓመቱ አንድ ዕለት፣ ጳጉሜን 6 ስትሆን ደግሞ ሁለት ዕለት ይገፋል፤ የ1879 መደመርም ለዚህ ነው። ይህን ማስረዳት የቻለ ልጅ የሒሳብ ሊቃውንት በቀሪ ላይ የሚሠሩትን ጥናት ጀምሮታል፤ የኮምፒውተር ባለሙያም የቀን መቁጠሪያ ሲሠራ በዚሁ ስሌት ይጠቀማል። ወደ እነዚህ ሙያዎች ለመግባት በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ማለፍ ግድ ነው።

ስለዚህ አዘጋጆቹ ቀረጻውን በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት እንዲያደርጉት ጠይቃቸው። ገና 18 ስላልሞላህ ወላጆችህ ሳያነብቡትና ሳይስማሙበት ምንም አትፈርም፤ ቪዲዮው ወደፊት በማን እጅ እንደሚቆይም በጽሑፍ ይስፈር። ቋሚ ሥራ እንስጥህ ቢሉህ፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳይሠራ እንደሚከለክል አስታውሳቸው።

አቅራቢው «እንዴት ቻልኸው?» ሲልህ «ጸጋ ነው» ብለህ ብቻ አትለፈው፤ አያትህ እንዴት እንዳስተማሩህ ተናገር፣ የ7ን ምክንያትም በሰሌዳ ላይ ጽፈህ አሳይ። የልጆችን ችሎታ እንደ ተአምር ብቻ አሳይቶ የሚያልፍ ዝግጅት ያሳዝነኛል፤ ያስተማራቸውን ሰው ይሰውርብናልና።

ይህን ደብዳቤ ለአባትህ አንብብላቸው። ሊያነጋግሩኝ ከፈለጉ ቅዳሜ ጠዋት ደብረ ብርሃን ቢሮዬ አለሁ።