ጥያቄና መልስ፦ ፍልውሃ ገብቶ መውጣትም ዘዴ አለው

ነሐሴ ገባና ጥያቄው ሁሉ ስለ ሙቅ ውሃ ሆነ። አልፈርድባችሁም፤ እኔም ይህን የምጽፈው ጋቢ ተከናንቤ ነው። እናም የዛሬውን ሙሉ ለሙሉ ለፍልውሃ ሰጥቼዋለሁ።

«እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ጠዋት ስትነሳ አልታጠፍ ይላታል። ጎረቤቱ ሁሉ ‹ፍልውሃ ሰባት ቀን ካስገባሻት ይለቃታል› ይለኛል። እውነት ያድናል?» ከካዛንቺስ

ያስታግሳል እንጂ አያድንም። በእናትሽ ዕድሜ የጉልበት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በአጥንቶቹ መካከል ያለው ልስልስ ሽፋን፣ ካርቲሌጅ የሚሉት፣ እየሳሳ ሲሄድ ነው። የሳሳውን ደግሞ የትኛውም ውሃ አይመልሰውም። ግን ሙቀቱ የተኮማተረውን ጡንቻ ያፍታታል፤ ውሃው ክብደቷን ስለሚሸከምላት መገጣጠሚያውም ትንሽ ያርፋል። ጥናቶችም ቢሆኑ እንዲህ ያለ መታጠብ ሕመሙን ለተወሰነ ጊዜ ቀለል እንደሚያደርግ ያሳያሉ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሰው ያውቀዋል።

ሰባት ቀን የሚለው ከጠበሉ ልማድ የመጣ ይመስለኛል። በሳምንት ሁለት ሦስቴ፣ በየጊዜው 15 ደቂቃ ያህል ብትገባ ይበቃታል። ውሃው ሞቅ ያለ ይሁን እንጂ የሚያቃጥል አይሁን። ዝም ብላ ከምትቀመጥ ደግሞ እዚያው ውስጥ ጉልበቷን ቀስ እያለች ታጥፍ፣ ትዘርጋ። ብዙ ሰው ይህን ይረሳል፤ የጥቅሙ ግማሽ ግን እሱ ነው። ክኒኗን እንዳታቋርጥ አደራ።

ጉልበቷ ድንገት ካበጠ፣ ከቀላና ሲነኩት የሚፋጅ ከሆነ ግን ፍልውሃ ሳይሆን ሐኪም ቤት ውሰጃት። እኛ አገር የመገጣጠሚያ ነገር ሁሉ «ሪህ» ተብሎ ይታለፋል፤ ከመሃሉ ግን ኢንፌክሽንም አለ፤ እሱ በሙቀት ይብሳል። ሌላው፣ የመታጠቢያ ቤት ወለል ያንሸራትታል። የማያንሸራትት ነጠላ ጫማ ግዢላትና ክንዷን ይዘሽ አስገቢያት፤ ለጉልበት ሄዶ ዳሌ ሰብሮ የመጣ ሰው አይቻለሁ።

«የደም ግፊት ክኒን እወስዳለሁ፣ 54 ዓመቴ ነው። ሙቅ ገንዳና ሳውና ብገባ ችግር አለው?» ከአራት ኪሎ

ግፊትዎ በመድኃኒት ከተስተካከለና ሐኪምዎ ካልከለከለዎት አጠር አድርገው መግባት ይችላሉ። ጣጣው የሚመጣው ሲወጡ ነው። ሙቀት የደም ሥርን ያሰፋል፣ ግፊት ይወርዳል፤ ክኒኑም ሥራው ግፊት ማውረድ ነው፤ ሁለቱ ተደርበው ብድግ ሲሉ ራስዎን ያዞርዎታል።

እኔ በሃያዎቹ ዕድሜዬ፣ ምንም ዓይነት ግፊት ሳይኖርብኝ፣ አንድ መታጠቢያ ቤት ገብቼ የከፈልኩበትን ላወጣ ብዬ ከግማሽ ሰዓት በላይ ተዘፍዝፌ ቆየሁና ሠራተኛዋ በሩን እየደበደበች «ሰዓት ሞልቷል!» ስትል ተፈናጥሬ ተነሳሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የግድግዳውን ሸክላ ብቻ ነው፤ እሱ ባይደግፈኝ ኖሮ ይህን ዓምድ ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ይቀመጡ፣ እግርዎን ያውጡ፣ ትንሽ ይቆዩ፣ ከዚያ ይነሱ። ውሃም ይጠጡ። ቢራ ቀምሰው ግን በፍጹም እንዳይገቡ። ደረቱን የሚወጋው፣ በቅርቡ የልብ ሕመም የገጠመው ወይም ግፊቱ አልወርድ ያለው ሰው ይቅርበት።

ስኳርም ካለብዎት ውሃውን በእግርዎ አይለኩ። ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ሳይታወቅ ሊያቃጥል ይችላል። በክርን ይሞክሩት፣ ወይም ሌላ ሰው ይንካልዎት።

«ጓደኛዬ የፍልውሃው ውሃ በቦይለር የሚሞቅ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ተወራርደናል። ማን ነው ልክ?» ከፒያሳ

አስከፍለው። ውሃው ከመሬት የሚወጣው ትኩስ ሆኖ ነው፤ እንዲያውም ለገላ እንዲሆን መቀዝቀዝ አለበት። በደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በዐለት ስንጥቅ እየሰረገ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፣ እዚያ ይግላል፣ ከዚያ መሃል ከተማውን አቋርጦ በሚያልፈው የመሬት ስብራት በኩል ሽቅብ ይመለሳል። ጂኦሎጂስቶች ስብራቱን ራሱን «ፍልውሃ» ብለው ነው የሚጠሩት። የሒልተን ሆቴል ገንዳም የሚሞላው በዚሁ የተፈጥሮ ሙቅ ውሃ ነው።

እንግዲህ ጓደኛህ የሚክደው ከተማዋን ራሷን ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው፣ ፍንፍኔ ከሚባለው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ባያሠሩና ቦታውን «አዲስ አበባ» ባይሉት ኖሮ፣ ዛሬ ፒያሳ ላይ ቢራ የሚያስይዝ ሰው ባልነበረ።

«የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ወገቤን እያመመኝ ነው። ልግባ?» ከልደታ

አሁን ይቅርብሽ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሰውነት ሙቀት ከ39 ዲግሪ ሲያልፍ ለጽንሱ አከርካሪና አንጎል አደጋ አለው። ሙቅ ገንዳም፣ ሳውናም፣ ስቲምም። ለብ ባለ ሻወር ወገብሽን አስመቺው፤ ሕመሙን ደግሞ ለክትትል ስትሄጂ ንገሪያቸው።

«አጎቴ የፍልውሃ ውሃ በጀሪካን ቀድቶ ለጨጓራ ይጠጣል። አምቦ ውሃስ እንጠጣ የለ ይላል።» ከስታዲየም አካባቢ

አምቦ ውሃ ፋብሪካ ገብቶ፣ ተመርምሮ፣ ታሽጎ የሚወጣ ነው። የአጎትህን ጀሪካን ማን መረመረው? የእኛ አገር ሙቅ ምንጮች ብዙዎቹ ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ሰው ጥርሱ የሚበልዘው ከዚያ በላይ ያለውን ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚጠጣ ነው። ሲበዛ አጥንትም ይጎዳል። ይታጠቡበት፣ አይጠጡት። ጨጓራቸውንም በመድኃኒት የሚድን ባክቴሪያ ሊሆን ስለሚችል ይመርመሩ።

«ለእረፍት ሶደሬ ይሻላል ወንዶ ገነት?» ከቦሌ መንገድ

ሙቀትና ፀሐይ ከፈለጋችሁ ሶደሬ፤ ከአዳማ አለፍ ብሎ አዋሽ ዳር ነው፣ ዝንጀሮዎቹ ምሳችሁን እንዳይቀሟችሁ ብቻ። ደንና ጸጥታ ከሆነ ወንዶ ገነት። ለወገብ ሕመም ብላችሁ ከሆነ ግን ያን ሁሉ መንገድ መኪና ውስጥ ተጣጥፋችሁ አትሂዱ፤ እዚሁ ቅርባችሁ ያለው ይሻላችኋል።

«ገላዬን ታጥቤ ስወጣ ምች ይመታኛል ብዬ እፈራለሁ። እህቴ ዳማከሴ ቦርሳዬ ውስጥ ከትታልኛለች።» ከሜክሲኮ

ከንፈር ላይ የሚወጣው ምች የምንለው ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ የኖረ ቫይረስ ነው፤ ትኩሳትና ኃይለኛ ፀሐይ ይቀሰቅሱታል። ታጥበሽ በመውጣትሽ ብቻ አይመጣም። አንቺ ፀጉርሽን አድርቂ፣ አሥር ደቂቃ ተቀምጠሽ ላብሽ ይብረድ፣ ነጠላሽን ደርበሽ ታክሲ ያዢ። ዳማከሴውንም አትጣይው፤ በዚህ ዝናብ የታክሲው ውስጥ ሽታ ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ።