ከደመወዝ ወደ ራስ ቢሮ፦ ከጎንደር የመጣ ጥያቄ

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ በአንድ ተቋራጭ ድርጅት በሲቪል መሐንዲስነት ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ለቅቄ በግሌ የዲዛይንና የቁጥጥር ማማከር ልጀምር ነው። አዘዞ ላይ ቤት ሊሠሩ ያሰቡ ሁለት ሰዎች አናግረውኛል። መቼ ልልቀቅ? ስንትስ ላስከፍል? (ከማራኪ)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ስምዎ በድርጅቱ የብቃት ማረጋገጫ ፋይል (ድርጅቱ ለፈቃዱ ባለሙያዎቹን ያስመዘገበበት) ውስጥ ተመዝግቦ እንደሆነ ያጣሩ። ከሆነ፣ ሲለቁ እንዲነሳልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አለዚያ የራስዎ ማመልከቻ ቆሞ ይቀራል። የሥራ ልምድ ደብዳቤዎም ላይ የሠሩባቸው ፕሮጀክቶች፣ የሥራ መደብዎና የሥራ ግብር መከፈሉ ይጻፍበት። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣሉ፤ ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰብልዎታል።

ጊዜውን በተመለከተ የካቲትን እንመርጣለን። ሰው መሠረት የሚያስቆፍረው ክረምቱ ሲወጣ ስለሆነ፣ ዲዛይኑንና የግንባታ ፈቃዱን እስከ ነሐሴ ለመጨረስ ጊዜ ያገኛሉ። ሰኔ ላይ የለቀቀ ሰው ሳይቱ ጭቃ ሆኖ፣ የቁጥጥር ገቢ ሳይኖረው የመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ ይደርስበታል። የስድስት ወር የቤት ወጪ ሳይዙ አይውጡ።

ዋጋ ላይ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ደመወዙን ለ22 ቀን አካፍሎ ስለሚነሳ ነው። ያልተጣራ ደመወዝዎ 30,000 ብር ቢሆን በቀን 1,364 ብር ይመጣል። ግን በዓመት ካሉት 264 የሥራ ቀናት በዓል፣ ሕመምና ዕረፍት 34 ያህሉን ይወስዳሉ። ከቀሪው 230 ደግሞ ግማሹ ደንበኛ በማነጋገር፣ በቢሮ ምልልስና በኅትመት ያልቃል፤ የሚከፈልበት 115 ቀን ብቻ ነው። አሁን ደምሩ፦ የዓመት ደመወዝ 360,000፣ አሠሪዎ ይከፍልልዎ የነበረው 11 በመቶ ጡረታ 39,600፣ ለትራንስፖርት፣ ለኢንተርኔት፣ ለፕሪንትና ለሂሳብ ሠራተኛ 150,000። ድምሩ ለ115 ሲካፈል በቀን ወደ 4,780 ብር ነው። ከዚህ በታች ከተስማሙ ከደመወዝዎ ላይ እየቀነሱ ነው።

አዘዞ ያሉት ግን እጅግ ያሳስበናል። በዚያ ሜዳ ዋልካ አፈር ይበዛል፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲገባ ያብጣል። ጥልቀት የሌለው መሠረት አብሮት ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ግድግዳው ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ይሰነጠቃል። ባለቤቱ «የጎረቤቴ ቤት ቆሟል፣ ምርመራ ምን ያደርጋል» ይልዎታል። እሺ ካሉ ስህተቱ የእርስዎ ነው፤ ፊርማዎ ያለው ስዕሉ ላይ ነውና። የአፈር ምርመራን በውሉ ውስጥ ለብቻው ዋጋ ይስጡት። ቢያንስ ሁለት ጉድጓድ እስከ 3 ሜትር ያስቆፍሩ። ለመጀመሪያ ፍተሻ ደርቆ የተፈጨና በ0.425 ሚሊ ሜትር ወንፊት ያለፈ 10 ሚሊ ሊትር አፈር ውኃ በያዘ የ100 ሚሊ ሊትር ሲሊንደር ውስጥ ይጨምሩ። በማግስቱ አብጦ የተቀመጠው አፈር ከ15 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ብዙም አያሰጋም፤ 20 ከደረሰ ወይም ካለፈ ያለ ሙሉ የላቦራቶሪ ውጤት መሠረቱን አይንደፉ። ምርመራውን እምቢ ያለ ደንበኛ ቢቀር ይሻላል።

ክፍያውን ከደንበኛው በሦስት ዙር ይቀበሉ፦ ሲፈራረሙ 30 በመቶ፣ የመጀመሪያው ንድፍ ሲጸድቅ 40፣ ቀሪው 30 ማኅተም ያረፈበት ስዕል ከእጅዎ ከመውጣቱ በፊት። ስዕሉን ከወሰደ በኋላ የሚከፍል ጥቂት ነው። ለውጥ ስንት ጊዜ በነፃ እንደሚሠሩም ይጻፉ፤ ሁለት ጊዜ ይበቃል።

ጥያቄ፦ በግል ልመዝገብ ወይስ ድርጅት ላቋቁም? (ያው ጠያቂ)

መልስ፦ በንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል። የማኅበሩ የትርፍ ግብር 30 በመቶ ነው፤ የግለሰብ ነጋዴ ከፍተኛው ጣሪያ 35። ልዩነቱ ግን አያጓጓዎ፤ ትርፉን ወደ ኪስዎ ሲያወጡ ሌላ ግብር አለ፣ የሂሳብ መዝገብ መያዝም ግድ ነው። በሁለት ደንበኛ ለሚጀምር ሰው የግል ምዝገባ ይሻላል፤ ሌላ መሐንዲስ ሲቀጥሩ ወደ ማኅበር ይዙሩ። የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ ያወጡበትን እያንዳንዱን ደረሰኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ያስቀምጡ።