መልስ፦ ድሬዳዋ ሆቴል ስገባ ግርግሩ ያስጨንቀኛል፣ ምን ላድርግ ላልሽው

እህቴ፣ ወሬውን ከመድረስሽ በፊት በጽሑፍ ጨርሺው። ከ1 ቀን በፊት ሙሉ ስምሽንና የምትደርሺበትን ሰዓት ለሆቴሉ በቴሌግራም ላኪላቸው፤ ከተቀበሉሽ በቴሌብር ከፍለሽ ደረሰኙን ያዢ። እንግዳ መቀበያው ላይ መታወቂያ ማሳየትና መፈረም ብቻ ይቀርሻል።

የመግቢያ ሰዓቱን አጣሪ። በኢንተርኔት ስትይዢ 2:00 PM የሚለው የእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ጠዋት 2 መስሎሽ ከሄድሽ ክፍሉ ሳይጸዳ ሰው መሃል ትቀመጫለሽ።

ክፍሉ ከሁሉም ይበልጣል። ከመንገድ፣ ከጄኔሬተርና ከሊፍት የራቀ፣ ጓሮ በኩል ያለ በይ። ድሬ ሙቀቱ በረድ ሲል ማታ ነው ሰው ደጅ የሚወጣው፤ መንገድ ዳር ያለ ክፍል መስኮት ከፍተሽ አያስተኛሽም። የአየር ማቀዝቀዣው ወይም ቬንትሌተሩ መሥራቱንም አስቀድመሽ ጠይቂ፣ አለዚያ ማታ እንደገና መውረድ ይመጣል።

ሻንጣሽን ሊቀበል ለመጣው ልጅ «ራሴ እይዘዋለሁ ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ» በቂ ነው።