የተቀየረውን ዳታ ማን ይመልሰዋል?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ፕሮግራሚንግ እየተማርኩ ነው። ኢንኮድ፣ ኢንክሪፕት፣ ሃሽ፣ ሲሪያላይዝ፣ ፓርስ የሚባሉት ይምታቱብኛል። ሁሉም ዳታ መቀየር አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ ናቸው፣ ወንድሜ። ግን አንድ ነገር ጠይቅ፦ የተቀየረውን ማን መመለስ ይችላል? ግማሹ ግርታ እዚያው ይለቅሃል።

ኢንኮድ የተደረገን ነገር ደንቡን የሚያውቅ ሁሉ ይመልሰዋል። ዓላማው ዳታው ለሌላ ሲስተም እንዲመች ነው እንጂ ምስጢር መጠበቅ አይደለም። ዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን ወደ ባይት የሚቀይር ደንብ) «ሀ»ን በ3 ባይት ይጽፋታል፣ የእንግሊዝኛዋን ኤ ግን በ1 ባይት። ቤዝ64 (ማንኛውንም ዳታ በተራ ፊደላት የሚጽፍ ደንብ) ደግሞ እያንዳንዱን 3 ባይት በ4 ፊደል ስለሚጽፍ ፋይሉ በሲሶ ገደማ ይጨምራል። ችግሩ ውጤቱ የተዘበራረቀ ስለሚመስል ብዙ ሰው የተደበቀ ይመስለዋል፤ እናም ፓስወርድን በቤዝ64 ቀይሮ ኮድ ውስጥ ጥሎት የሚሄድ አለ። እባክህ ይህን እንዳታደርግ፣ ማንም በሰከንድ ውስጥ ያነበዋል።

ለመደበቅ ኢንክሪፕሽን አለልህ፤ ቁልፉን የያዘ ብቻ ይከፍተዋል። ሃሽ፣ ማለትም ከዳታው ተሰልቶ የሚወጣ አሻራ፣ ግን ወደ ኋላ እንዲመለስ አልተሠራም። ሻ-256 በሚባለው የሃሽ ዘዴ አንድ ቃል አስገባ፣ አንድ ሙሉ ፊልም አስገባ፣ የሚወጣው ሁሌም 256 ቢት ነው። ለፓስወርድ ግን ሻ-256 ብቻውን አይበቃም፣ በጣም ፈጣን ስለሆነ እየገመተ ለሚሞክር ሰው ይመቸዋል። ሆን ተብለው ቀርፋፋ የተደረጉት የፓስወርድ ሃሽ ዘዴዎች፣ ቢክሪፕትና አርጎን2፣ ይሻላሉ።

ሲሪያላይዝ ማድረግ ሜሞሪ ውስጥ ያለን ኦብጀክት ፋይል ላይ ሊቀመጥ ወይም በኔትወርክ ሊላክ ወደሚችል የባይት ሰልፍ መለወጥ ነው። ፓርስ ማድረግ ደግሞ የመጣውን ጽሑፍ አንብቦ መዋቅሩን ማውጣት።

እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፤ ሲሪያላይዝ ተደርጎ ሄዶ በፓርስ የተመለሰው ዳታ ሁልጊዜ ያው የላክኸው አይደለም። ጄሰን (ዳታን በጽሑፍ መልክ የመላኪያ ፎርማት) ለቀን የተለየ ዓይነት ስለሌለው ቀንህ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይመለሳል። ጃቫስክሪፕት ላይ ከ9007199254740991 የበለጠ ሙሉ ቁጥር ምንም ስህተት ሳያሳይ ሊዛባ ይችላል፣ ስለዚህ ረጃጅም መለያ ቁጥሮችን እንደ ጽሑፍ ላካቸው። የፓይተኑ የሲሪያላይዝ መሣሪያ ፒክል ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፦ ፋይሉን ስትከፍተው ውስጡ ያለ ኮድ ኮምፒውተርህ ላይ ሊሠራ ይችላል። ከማታምነው ሰው የመጣ የፒክል ፋይል በፍጹም አትክፈት፣ በጄሰን እንዲልክልህ ጠይቀው።