ማዳበሪያዬ ወደ ሐይቅ እየወረደ ነው

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከደቡብ ወሎ፣ ከተሁለደሬ ነው። ወደ ሐይቅ በሚገባ ወንዝ ዳር ሦስት ጥማድ መሬት አለኝ። በክረምት ጤፍና በቆሎ እዘራለሁ፤ በበጋ ውሃ በሞተር እየሳብሁ ሽንኩርት አለማለሁ። ዓሣ አጥማጆች «ውሃውን የምታበላሹት እናንተ ገበሬዎች ናችሁ» ይሉናል። የሲሚንቶ ግንብ ለማሠራት አቅም የለኝም። በትንሽ ወጪ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አብሽሩ፤ ሲሚንቶ አያስፈልግዎትም። ዓሣ አጥማጆቹ ግን እውነት አላቸው። ቦርከና ወንዝ ዳር የሚያርስ ሰው ያጠበው ነገር ወደ አዋሽ ይወርድለታል፤ ችግሩን ለአፋር ወንድሞቹ አሳልፎ ይሰጣል ማለት ነው። የእናንተ ሐይቅ ግን መውጫ ወንዝ የለውም። ከማሳዎ የወጣው ፎስፈረስ እዚያው ተከማችቶ አልጌ ይመግባል፤ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ዓሣውም ይታፈናል።

ምንም ወጪ የሌለውን ላስቀድም። የመድኃኒት መርጫዎን ወንዝ ውስጥ አይጠቡ። ሽንኩርቱ ላይ ትሪፕስ ለሚባለው ተባይ የሚረጩት መድኃኒት ላምዳ ሳይሃሎትሪን ያለበት ከሆነ፣ በጣም ጥቂቱ እንኳ ዓሣ ይገድላል፤ ስሙን ጠርሙሱ ላይ ያገኙታል። ውሃውን በባልዲ ወደ ማሳው ያምጡና እዚያው ይበጥብጡ። ጠርሙሱ ባዶ ሲሆን ሩብ ያህል ውሃ ጨምረው፣ ከድነው በደንብ ይናጡት፤ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ይገልብጡት፤ ሦስት ጊዜ እንዲህ ያድርጉና ያንኑ ማሳ ይርጩበት። ከዚያ ጠርሙሱን ይብሱት። ካልተበሳ ነገ የዘይት መያዣ ይሆናል፤ በየቤቱ ስንቱን አይቻለሁ!

ቀጥሎ ያለው የፈሰስ ጉዳይ ነው። በልማት ሠራተኝነቴ ዘመን ከሁሉ በላይ የታከትሁት በዚህ ነው። ጤፍ ማሳ ላይ ውሃ እንዳይተኛ ፈሰስ እናወጣለን፤ ደግ ነው። ነገር ግን ቁልቁል በቀጥታ ወደ ወንዙ እንለቀዋለን። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ካፖርትዎን ደርበው ይውጡና ይመልከቱ። ደፍራሹ ውሃ ከማሳው የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቦታ ነው። ጉልበትዎን እዚያ ላይ ያውሉ። ፈሰሱን ሰያፍ ይቅደዱት፤ መውጫው ላይ ከማሳዎ የለቀሙትን ድንጋይ ደርድረው ዝቅ ያለ ክትር ይሥሩ። ኤንፒኤስ ማዳበሪያ 38 በመቶው የፎስፈረስ ኦክሳይድ ነው፤ ፎስፈረስ ደግሞ አብዛኛው ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ነው የሚሄድ። አፈሩን ያስቀረ ሰው ገንዘቡንም አስቀረ።

እስከ ወንዙ አፋፍ ድረስ የሚያርስ ሰው ደግሞ ያናድደኛል። የሚያተርፈው አንድ ትልም ነው፤ የሚያጣው ዳርቻውን ራሱን ነው። ጥቂት ሜትር ይተዉና ደሾ ወይም ዝሆኔ ሣር ይትከሉበት። ሣሩ ጎርፉን ያቀዘቅዘዋል፤ አፈሩም እዚያው ይዘቅጣል። እያጨዱ ለከብትዎ ይስጡ፤ ከተረፈም ይሽጡት፤ ለመሬቱ የሚያዝኑ ከሆነ በመኖ ይካሳሉ። ከብት የሚለቁበት ከሆነ ግን ባይተክሉት ይሻላል።

ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ ሌላ ጠባይ አለው። 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ በውሃ ቶሎ ስለሚሟሟ ሣሩ ሙሉ በሙሉ አያቆመውም። መፍትሔው ከፋፍሎ መስጠት ነው። ለበቆሎው ጥቂቱን ሲዘሩ፣ ቀሪውን ጉልበት ሲደርስ ከኩትኳቶ ጋር ሰጥተው አፈር ያልብሱት። ሰማዩ ጠቁሮ እያዩ አይበትኑ። የዛሬውን የማዳበሪያ ዋጋ እያወቁ ይህን እኔ ልመክርዎ አይገባም ነበር።

የፍግ ክምርዎ ወደ ወንዙ ባዘነበለ ቦታ ላይ ካለ ያንሱት፤ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ሸፍነው ብስባሽ ያድርጉት።

ከላይ ያለው ጎረቤትዎ ጎርፉን ወደ እርስዎ የሚለቅ ከሆነ ግን የእርስዎ ሣር ብቻውን አይችለውም። ክረምት ሳይገባ ቡና አስፈልተው ይጥሩት፤ መቀልበሻ ቦዩን በሁለታችሁ ወሰን ላይ በወንፈል ቆፍሩት። ከተጣላችሁ በኋላ ሽማግሌ ከመላክ ይህ ይቀላል። ደሾውን በወረዳው ችግኝ ጣቢያ ይጠይቁ፤ ከሌለ እርከኑ ላይ የተከለ ሰው ይለምኑ። አንዱ ጉጥ ከነሥሩ ተነቅሎ ሲከፈል ብዙ ቦታ ይተከላል፤ ዝናቡ ከረጋ በኋላ ይትከሉት።