ጂኖም ማንበብ ለምትፈልጉ ወጣቶች

ጂኖም፣ ማለትም የአንድ ፍጡር ሙሉ የዘር መረጃ፣ ማጥናት የምትፈልጉ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ ዲኤንኤ ስለሚያነበው ማሽን ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ከእንስሳው ስለሚወሰደው ናሙና ልንገራችሁ። ምሳሌዬ ቀይ ቀበሮ ነው።

ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ለአቅመ መራባት የደረሱት ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ተራሮች ላይ ይኖራሉ። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለ ብርዳማ ደጋ ላይ ፍልፈልና አይጥ እያደነ ነው የሚያድረው። ሾጣጣ አፉ ለዚህ አደን ይመቸዋል። መልኩን ብቻ ያዩ ብዙ ሰዎች ቀበሮ ይመስላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ የዲኤንኤ ጥናት ግን ቅርብ ዘመዶቹ ግራጫ ተኩላና ኮዮቲ የሚባለው ተኩላ መሰል የአሜሪካ እንስሳ መሆናቸውን አሳየ።

ያው ጥናት ሌላም ነገር አገኘ። በባሌ የዌብ ሸለቆ አንዳንዶቹ ከውሻ ጋር ተዳቅለዋል። በሳነቴ አምባ ግን ይህ አልታየም። አሁን አስቡት፤ ናሙናው ከየት እንደተወሰደ ባይጻፍ ኖሮ ይህን ልዩነት ማን ያውቀው ነበር? ስለዚህ ቦታውን፣ ቀኑን፣ የእንስሳውን ጾታና መንጋውን እዚያው መስክ ላይ ጻፉ። ማታ እጽፈዋለሁ አትበሉ። የውሻ ጂኖም ወደ 2.4 ቢሊዮን የዲኤንኤ ፊደላት አለው፤ የቀይ ቀበሮውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ያ ሁሉ ፊደል ያለ መስክ መዝገብ ታሪኩን አይነግራችሁም።

እ.ኤ.አ. በ2018 ሙሉ ጂኖሞችን ያነጻጸረ ጥናት ወጣ። የአፍሪካ ወርቃማ ተኩላ የሚባለው ሌላ የተኩላ ዝርያ ዘሩ 72 በመቶ ከግራጫ ተኩላ፣ 28 በመቶ ከቀይ ቀበሮ እንደሆነ ገመተ። እኔን በጣም ያስደነቀኝ ይህ ነው። ዝግመተ ለውጥን እንደሚለያዩ ቅርንጫፎች አድርገን ነበር የተማርነው። ለካ የተለያዩት ዘሮች ተመልሰው ይገናኛሉ! ቀይ ቀበሮም ድሮ ከዛሬው በሰፋ ምድር ይኖር እንደነበር ይጠቁማል።

ስታቲስቲክስና ኮድ መጻፍ ተማሩ፤ ግዴታ ነው። ግን ከብት ጠባቂዎቹንም ቅረቧቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ቀይ ቀበሮ የሚሻገረው ከውሾች ነው። የትኛው መንደር ስንት ውሻ እንዳለው፣ የትኛው ውሻ ሰሞኑን እንደታመመ እነሱ ናቸው የሚያውቁት።

አንድ ከባድ ጥያቄ ይጠብቃችኋል። ትንንሾቹ መንጋዎች ዘመዳሞች እርስ በርስ በመራባታቸው እየተጎዱ ከሆነ ከሌላ ተራራ እንስሳ ይምጣላቸው? አዲስ ደም ይጠቅም ይሆናል። በሽታም ሊከተል ይችላል፤ ለዚያ ተራራ የተስማማውን ባሕርይም ሊያደበዝዝ ይችላል። እኔ ከመወሰኔ በፊት ከሁለቱም ተራሮች በቂ ጂኖም፣ የበሽታ ምርመራና የግልገሎቹን ሞት መዝገብ ማየት እፈልጋለሁ። ይህን ሥራ የሚጀምር ካለ መረጃ አሰባሰቡን አብረን እንቀርጻለን።